ቼክ ይዤ እሄድበት የነበረው መስኮት

ቀናተኛ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "አንቺ ልጅ፣ ጥላሽ ከሌላ ሰው ጥላ ጋር ቢሄድ ትቀኛለሽ" ትለኝ ነበር። በእህቶቼ ቀሚስ ቀንቻለሁ፤ በጎረቤቴ በር ቀለም ቀንቻለሁ። ከባሌ ከተፋታሁ በኋላ እንኳ የቀናሁት እሱን ባገባችው ሴት ሳይሆን አብረው በተከራዩት ቤት ነው፤ ቤቱ ውኃ አይጠፋበትም ነበር። በስልክ እቀናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ግብራቸውን ከእንግዲህ በኤሌክትሮኒክ ብቻ እንዲከፍሉ፣ ቼክ ይዞ መምጣት እንዲቀር የታዘዘ ጊዜ፣ በዚያ ትእዛዝ እርር ድብን ያለች አንዲት ሴት ጎንደር ውስጥ ነበረች ከተባለ እኔ ነኝ።

የአንድ ኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ቢሯችን ፒያሳ ነው፤ ከታች ጫማ ቤት፣ ከላይ እኛ። ሰው ኢንሹራንስ ሲባል የሚታየው የተጋጨ ማኪና ብቻ ነው። እውነት ነው፣ ሰሊጥ ጭኖ ከሳንጃ ሲመጣ መንገድ ስቶ የተገለበጠ አይሱዙ በየዓመቱ አናጣም። ግን ከእያንዳንዱ ውል ጀርባ ግብር አለ። የውሉ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ የሠራተኛው የደመወዝ ግብር አለ፣ ማኪናውን ከሚጠግነው ጋራዥ ላይ ቀንሰን ለመንግሥት የምናስገባው አለ። ይህ ሁሉ በወር አንድ ቀን ይደመርና ባንክ ቼክ ይሠራለታል። ቼኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ግብር ቢሮ የምወስደው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ቀን ጸጉሬን ተሠርቼ፣ የሳጥን ሽታ ያልለቀቀውን ቀሚሴን ለብሼ ነው የምገባው። የቢሮው ሰው ቀልድ ሞልቶታል። "እትዬ፣ ዛሬ ግብር ነው ወይስ ሰርግ?" ይሉኛል። እኔም "ለመንግሥት አክብሮት ነው" እላቸዋለሁ። የሚያምነኝ አልነበረም፤ ግን የደረሰበትም አልነበረም።

ግብር ቢሮው ውስጥ ጥግ ላይ ባለው መስኮት አንድ ሰው ይቀመጥ ነበር። ከእኛ የባሰ ውርጭ ካለበት ደጋ፣ ከመካነ ብርሃን የመጣ ሰው ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቹ አድገው ተበትነዋል። ታናናሾቹ ሁሉ "አያ" እያሉ ይጠሩታል። ጎንደር ከገባ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም ብርዳችንን ብርድ አይለውም። በክረምት እኛ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ እሱ መስኮቱን ከፍቶ "ይኸማ ሸጋ አየር ነው" ይላል። ሰውየውን እወደው ነበር። አሁን ዕድሜዬ ስለገፋ በግልጽ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን ለራሴም በግልጽ አልነገርኳት።

መውደዱ ባልከፋ። ችግሩ እዚያም ቅናት ቀድሞኝ ወንበር ይዞ መጠበቁ ነው። የወር መጨረሻ ላይ የከተማው ኢንሹራንሶች ገንዘብ ያዦች ሁላችንም አንድ አግዳሚ ላይ እንገናኛለን። ከመካከላችን አንዷ አንገቷ ላይ የወርቅ ሀብል የማይጠፋ፣ ሳቋ ከበሩ ውጭ የሚሰማ ሴት ነበረች። እሷ ከእኔ ኋላ ትመጣለች፣ ከእኔ በፊት ትጨርሳለች። የጋራዥ ባለቤቶች ከእኔ በኋላ መጥተው ከእኔ በፊት ይወጣሉ። የእኔን ወረቀት ከላይ አንሥቶ ከሁሉም በታች ሲያደርገው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ተነሥቼ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

"ምነው? እኔ ብቻ ነኝ ሰው የማልመስልዎ?"

"ይቀመጡ እንጂ" አለኝ ቀና ሳይል። "ምን አስቸኮለዎ?"

ባለ ሀብሏ ሳቀች። ዓይኔ ደም ለበሰ። ተመልሼ ተቀመጥኩና ቦርሳዬን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኳት።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ግን ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። የእኔን ቼክ እንደ ታቦት ቀስ ብሎ ይቀበላል። ማኅተሙን ይመታና እንዲደርቅ እፍ እያለ ስለ አገሩ ያወራል፤ ገብሱን ውርጭ እንደመታው፣ በጎቹን ለእህቱ ልጅ እንደሰጠ፣ እዚያ ጧት ሲነሡ ደመናው ከእግር በታች እንደሚታይ። አንድ ጊዜ የሞላሁትን ወረቀት አገላብጦ አይቶ "ሸጋ ጽሕፈት አለዎ" አለኝ። በዚያች ቃል አንድ ወር ሙሉ ኖርኩባት። ቤቴ ገብቼ ያለ ምክንያት የሽሮና የበርበሬ ዕቃዎች ላይ ስማቸውን ጻፍኩባቸው።

ሰው "ታዲያ ለምን ሄደሽ አልጠየቅሽውም?" ይል ይሆናል። ጎንደርን የማያውቅ ሰው ነው። ፈት ሴት፣ ያውም የአርባዎቹን መጨረሻ የያዘች፣ ያለ ጉዳይ ወንድ ቢሮ ሄዳ ተቀመጠች ቢባል ከአራዳ እስከ አዘዞ የማይሰማ የለም። ቼክ ስይዝ ግን ቀና ብዬ ነው የምገባው። ቼኩ ባይኖር ያን በር ለማለፍ ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም ነበር።

ትእዛዙ ሲመጣ ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰበን። ልጅ ነው፤ ደግ ልጅ ነው፤ የሚያበሳጨውም ደግነቱ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ግብር የሚከፈለው በኮምፒውተር መሆኑን፣ ከባንክ ሒሳባችን ቀጥታ እንደሚተላለፍ፣ ማረጋገጫ ቁጥሩ በአንድ ሰው ስልክ ብቻ እንደሚመጣ አስረዳንና ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎ! በዝናብ መመላለሱ ቀረልዎ።"

ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ቁጥሩ የሚመጣባት ሰው አጠገቤ የተቀመጠችው የሒሳብ ሠራተኛ ሆነች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ነው። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሲሮጡ ድምፃቸው ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። የአቃቤ ቼክነቱን ሥራ እሷ ወረሰችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው የመሰለኝ። ልጅቱን አልጠላትም ነበር፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን የሻይ ስኳር አወሳሰዷ ሳይቀር አላስደሰተኝም።

አዲሱ ነገር መቼም ያለ መሰናክል አይሄድም። አንዴ ኔትወርክ የለም፣ አንዴ ማሽኑ "ቆይተው ይሞክሩ" ይላል፣ አንዴ ገንዘቡ ከባንክ ወጥቶ መድረሱ አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን ለከፋዮች በተሰጠው የእርዳታ ስልክ ይደወላል። ልጅቱ በመጀመሪያው ወር ደወለች፣ ስታወራ ሰማኋት።

"እሺ አያ... አዎ አያ... ኧረ አልነካሁትም አያ!"

እጄ ላይ የነበረው ደረሰኝ ወደቀ። ጎንደር ውስጥ አያ የሚባል ሽማግሌ መቼም አይቆጠርም። ግን ወዲያው ገባኝ። መስኮቱ ሲዘጋ ሰውየውን ያስቀመጡት ስልክ ላይ ነው። እኔ ወር እስኪሞላ ቀን ስቆጥርለት የነበረውን ሰው፣ ይህች ልጅ ቁጥር ተጭና ታገኘዋለች!

ከዚያ ወዲያ የግብር ቀን በመጣ ቁጥር ሥራዬ ጆሮዬን ጣል ማድረግ ብቻ ሆነ። ልጅቱ ስልኩን ከጆሮዋ ስለምታርቅ ድምፁ ይሰማኛል። "ነይ እስኪ፣ አሁን ታች ያለችውን ተጫኛት" ይላታል። እኔን ስንት ዓመት "እርስዎ" ሲል ኖሮ እሷን በመጀመሪያው ቀን አንቺ አላት። ልጁ ትሆናለች፣ አንቺ ቢላት ምን አለ? አእምሮዬ ይህን ያውቃል። ሆዴ ግን ትምህርት ቤት አልገባም። እሷ ስትስቅ እሱም ይስቃል። በመስኮቱ በኩል በዚያ ሁሉ ዘመን ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ እንጂ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ሳቁ ምን እንደሚመስል ከሌላ ሴት ስልክ ተማርኩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ "ምን ያስቃችኋል?" ብዬ ጠየቅኋት፣ ድምፄን እንደምንም አለስልሼ።

"ወይ እትዬ፣ ሲያወሩ ደስ ይላሉ እኮ!" አለችኝ።

ደስ እንደሚሉማ ለእኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም ነበር። ምሳ ዕቃዬን ከደንኩ።

ነሐሴ ላይ የሐምሌ ግብር መክፈያ ደረሰ። እዚህ ላይ የሆነው ስሕተት ከእኛ አገር ሰው በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም። ማሽኑ የግብሩን ወር በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠይቀው። የመጀመሪያው ወር ማለት ለማንም የጎንደር ሰው መስከረም ነው። ለሒሳብ ሰው ግን ዓመቱ የሚጀምረው በጀት በሚለቀቅበት በሐምሌ ነው። ልጅቱ ደግሞ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ የሒሳብ ሰው ናት። ሌላ ጊዜ የወሩን ቁጥር በስልክ ጠይቃ ነበር የምትሞላው፤ ያን ቀን ግን ብቻዋን ሐምሌን ልትከፍል ተቀመጠችና አንድ ቁጥርን ተጫነች። ማሽኑ መስከረም ብሎ ተቀበላት። በክረምቱ መካከል ገና ያልጠባውን መስከረም ከፍለን ሐምሌን ሳንከፍል ቀረን።

ነገሩ የታወቀው ሐምሌ አልተከፈለም፣ ቅጣት ይቆጠራል የሚል መልእክት በስልኳ ሲገባ ነው። ልጅቱ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ሮጦ ወጣ። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ እልል አለ። በድሮው ሥርዓት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም አንድ ሰው ደብዳቤ ይዞ ግብር ቢሮ ድረስ በአካል ይሄዳል። ሂያጁ ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

"እትዬ፣ እርስዎ ያውቋቸዋል አይደል?" አለኝ ሥራ አስኪያጁ። "ደብዳቤውን አስመታለሁ፣ ከሰዓት ይዘውልኝ ቢሄዱ?"

"ምን ይደረጋል፣ የእናንተን ጥፋት ማን ይሸከማል?" አልኩት ፊቴን አጨፍግጌ።

በምሳ ሰዓት ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀሚስ አወጣሁ። ጸጉሬን ለመሠራት ጊዜ ስላልነበረ ሻሽ አሠርኩበትና ፈታሁት፣ ደግሞ አሠርኩት። ነሐሴ ነው፣ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይወርዳል። ባጃጁ ውስጥ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ጭቃው እንዳይነካኝ እንደ ሙሽራ ተጠንቅቄ፣ ደብዳቤውን ልቀበል ቢሯችን ደረስኩ። ምን እንደምለው አዘጋጅቻለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ገብሱ እጠይቀዋለሁ።

ልጅቱ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ በርቷል።

"እትዬ፣ መሄድ ቀረልዎ! ደውዬላቸው አያ እዚያው ሆነው አስተካከሉት፤ መስከረሙን ወደ ሐምሌ አዛወሩት።"

ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ሰው! ዝናቡ ከሻሼ ላይ ወደ አንገቴ ይወርዳል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እጄ ላይ የነበረው ጃንጥላ መሆኑ ለልጅቱ ደግ ሆነ።

"በሉ ተሳሳቁ!" አልኳት። "ወሩን ሙሉ በስልክ ተሳሳቁ! እኔማ ምን ሥራ አለኝ? ድሮም ከሁሉም ኋላ ነበር የሚያስተናግደኝ!"

ጮኼ ኖሮ የታችኛው ጫማ ቤት ሰዎች ወደ ደረጃው ብቅ አሉ። ልጅቱ ደነገጠች። እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ የራሷን ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ከሁሉም ኋላ ያደርጉዎ የነበረው ለምን እንደሆነ አልነገሩዎም እንዴ?"

"ምኑን ነው የሚነግረኝ?"

"ለእኔ እኮ ነግረውኛል። ሰዉ ሁሉ እስኪወጣ ነበር የሚያስቆዩዎ፣ ቶሎ ከጨረሱ ቶሎ ስለሚሄዱ። በደወልኩ ቁጥር ስለ እርስዎ ነው የሚጠይቁኝ። 'ቁጣዋ ደኅና ነው?' ይሉኛል፤ ለዚያ ነው የምስቀው።"

ሌላ ሴት ብትሆን በደስታ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን በመጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ለእኔ የተቀመጠውን ቃል ለእሷ ሰጣት! ዕድሜ ልኬን ልሰማው የምፈልገውን ነገር ይህች ልጅ ስንት ወር ሙሉ ጆሮዋ ላይ ይዛ ሻይ ስትጠጣ ከርማለች። ቃሉ ራሱ ከእሷ ጆሮ አልፎ፣ ከእሷ አፍ ወጥቶ፣ ለእኔ ተርፎ መጣልኝ።

"ታዲያ ምነው ለራሴ አልነገረኝም?"

"ይፈሩዎታል፣ እትዬ" አለች። "እኔም እፈራዎታለሁ።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው። እኔም ዝም ብዬ፣ እሱም ዝም ብሎ፣ መካከላችን ያለው ነገር ነቅዞ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ ልጅቱ የባሰውን ነገረችኝ። ሰውየው ጡረታው ደርሷል፤ ነሐሴን እንደጨረሰ መካነ ብርሃን እህቱ ዘንድ ይገባል። ዕቃውን ማሰር ጀምሯል። ይህንንም ያወቅሁት ከእሷ ነው። በዚያን ሰዓት ካርታ ላይ ባላት አንዲት ወረዳ፣ በገብሷ፣ በደመናዋ፣ በማላውቃት እህቱ ሳይቀር ቀናሁ።

በማግሥቱ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። በሥራ ሰዓት ቦርሳዬን አነሣሁ። ሥራ አስኪያጁ "እትዬ፣ ወዴት ነው?" ሲለኝ "ግብር ቢሮ" አልኩት። "ምነው፣ ችግር ተፈጠረ?" አለኝ። ጃንጥላዬን ከጥግ አነሣሁ። ልጅቱ ከኮምፒውተሯ ላይ ቀና አላለችም፤ ጣቶቿ ግን ቆመው ነበር። ያ ቀሚስ እርጥቡ ስላልደረቀ የዘወትር ቀሚሴን ነው የለበስኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የቤቴ ቁልፍና መሐረብ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ እንደገባሁ ነጂውን ተመለስ ልለው ሁለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ግብር ቢሮው በር ላይ አዲስ ጥበቃ ተቀምጧል። የድሮው ቢሆን ያውቀኝ ነበር። ግቢው ጭር ብሏል፤ እኔ ስንት ዘመን የተቃጠልኩበት አግዳሚ ተነሥቶ ግድግዳው ሥር በቁሙ ተደግፏል።

"እናቴ፣ ክፍያ ከሆነ አሁን በስልክ ሆኗል" አለኝ ጥበቃው።

"እናትህ አይደለሁም። ክፍያም አይደለም።"

"ታዲያ ጉዳይዎ ምንድን ነው?"

የሰውየውን ስም ነገርኩት። "እሱን ነው የምፈልገው" አልኩት።

"ለምን ጉዳይ?"

ጥበቃው መዝገቡን ከፍቶ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። እዚያ ላይ የሚጻፍ ምንም ነገር የለኝም። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች መጥተው ቆመዋል፤ አንደኛው ፒያሳ የማውቀው የጋራዥ ባለቤት ነው፣ ጆሮው ሳይቀር ወደ እኔ ዞሯል። እስከ ማታ አራዳ እንደሚደርስ አወቅሁ። ንቅንቅ ግን አላልኩም።

"ጉዳይ የለኝም" አልኩ። "ሰውየውን ላየው ነው የመጣሁት።"

ጥበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ባለቤታቸው ነዎት?"

"ገና ነኝ" አልኩት።

ምን እንደሚያደርገኝ አላወቀም መሰለኝ፣ የውስጡን ስልክ አንሥቶ ደወለ። ቅን ልጅ ነው፤ የሰማውን አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተላለፈ። "አያ፣ አንዲት ሴት መጥተዋል። ጉዳይ የለኝም ይላሉ። ባለቤታቸው ነዎት ብላቸው ገና ነኝ አሉኝ።"

ስልኩን በጆሮው ይዞ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። የጋራዡ ባለቤት ለመስማት አንድ እርምጃ ተጠጋ። ከዚያ ጥበቃው "እሺ" አለና ስልኩን አስቀምጦ ከወንበሩ ተነሣልኝ።

"ይቀመጡ" አለኝ፤ "እየወረዱ ነው።"